ስለ ነጯ ሙሽራ፣ ለኤልበርሽታይን ግንብ አስተዳዳሪ

ለተከበሩ ዶክተር ፎልክማር ሌንትስ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዳይጓደል፣ የጎብኚዎችዎ ሰልፍም ከወንዙ ድልድይ እንዳያጥር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሄድቪግ ካለንባህ እባላለሁ፤ ከግንብዎ ማማ ሥር ባለችው ቤት፣ ዘጠና ዓመት ካለፋት እናቴ ጋር እኖራለሁ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ለምስጋናዬ አንድ ፖስታ አልበቃ ብሎኝ ነው።

አንደኛ፣ እህቴን ከሞት ስላስነሡልኝ አመሰግናለሁ። ሮስቪታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከማማዎ ላይ ወድቃ ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር፤ ከቀብሯ በኋላ በቤታችን ስሟን የሚያነሣ አልነበረም። ዘንድሮ ግን መሥሪያ ቤትዎ “የነጯ ሙሽራ ጉብኝት” የሚባል ነገር ከፈተ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስጎብኚዎ ኦትማር ሃያ ሠላሳ ሰው በመስኮታችን ሥር ያቆምና፣ “ሮስቪታ ፍቅረኛዋ ሲከዳት ከዚህ ማማ ራሷን ወረወረች፤ እስኪ መንፈሷን ጥሩት፣ አትፍሩ!” ይላል። ከሃምቡርግም ከሊዮንም የመጡት እንግዶች በአንድ ድምፅ እህቴን ይጠራሉ። ፍቅረኛ እንኳ አልነበራትም፤ ይህን ግን እንደ ቅሬታ አይቁጠሩብኝ፤ ከሞተች ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዳርዎ ቀላል ውለታ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ነጭ ቀሚስ አልብሰው በማማው ጫፍ ስለሚያመላልሷት ተዋናይት፤ እጅግ ተሳክቶልዎታል። እናቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ሾርባዋን ትታ ተነሣች፤ መስኮቱን ከፍታም፣ “ሮስቪ! ብርድ ነው፣ ውረጂ ልጄ!” ብላ ተጣራች። ተዋናይቷ፣ ጨዋ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ እጇን አውለበለበችላት። ከዚያ ወዲህ ገበታችን ላይ ሌላ ሳህን ይቀመጣል። እኔም አላነሣውም። እውነቱን ልንገርዎና፣ ወደ ማማው ቀና ብዬ ማየት ትቻለሁ፤ አንድ ቀን ቀሚሱ ነጭ መሆኑ ቀርቶ፣ ሮስቪታ የሞተች ዕለት የለበሰችው ሰማያዊ ሆኖ እንዳይታየኝ እፈራለሁ።

ለሦስተኛው ቁጥር መስጠት አቃተኝ፤ እንዲሁ ላውራዎት።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ካፖርቷን ደርባ ወጣችና ከጎብኚዎቹ መካከል ቆመች። እኔም ሮጬ ደረስኩባት። ኦትማር ስለ ከዳተኛው ፍቅረኛ ሲጀምር፣ “ውሸት ነው” አለች።

“እማማ፣ እርስዎ ያውቋት ነበር?” አላት እየሳቀ።

“ወልጃታለሁ። እዚሁ ትኬት ትቆርጥ ነበር። የአንዲት ሕፃን ባርኔጣ ማማው ጫፍ ባለው የእንጨት መከታ ላይ ተሰቅሎ ቀረና ልታወርድላት ወጣች። እንጨቱ በስብሶ ነበር። በስብሷል ብላ ለአለቃዋ ደጋግማ ተናግራለች፤ ‘ለዘንድሮ ይቆያል’ አላት። አልቆየም።”

ከጎብኚዎቹ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የጉብኝቱ አካል መስላቸው ነው። አንዲት ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ “ምን ዓይነት ተዋናይት ናት!” ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እናቴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቀጥ ብላ ቆመች።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤትዎ አበባ መጣልን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች “ያንን ድንቅ ትርኢት” እንድትደግመው የሚጋብዝ ካርድም ነበረበት። ሳነብላት ትቆጣለች ብዬ ነበር። ማማውን ብዙ አየችና፣ “እዚያ ቢያንስ ስሟን ይጠሩታል፤ አንቺ አትጠሪውም” አለችኝ።

ስለዚህ ግብዣዎን መቀበሏን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ለቅዝቃዜው ወንበርና ብርድ ልብስ ቢዘጋጅላት ደግነትዎ ይሞላል።

ፀሐይ በከለከለን ማማዎ ጥላ ሥር ሆኜ፣ ዝናዎን በየምሽቱ በመስኮቴ የምሰማ፣ አመስጋኝ ጎረቤትዎ፣

ሄድቪግ ካለንባህ

ማስታወሻ፦ ጎብኚዎቹ ያ አለቃ ማን እንደነበር መጠየቃቸው አይቀርም። ኦትማር “ረስቼዋለሁ ይበሉ” ብሎ መክሯታል። እናቴ ቁርሷን መብላቷን ትረሳለች፤ የአባትዎን ስም ግን አልረሳችም።