ስም ጠርተው የማይጠግቡት ሻምበል ገዛኸኝ ፈንታው

ሻምበል ገዛኸኝ ፈንታው ከአባታቸው ከአቶ ፈንታው ሞላና ከእናታቸው ከወ/ሮ በላይነሽ ዘውዱ ግንቦት 3 ቀን 1952 ዓ.ም. በሀብሩ፣ መርሳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በዋናው መንገድ ዳር መኪና ይጠግኑ ነበር። እናታቸው ደግሞ ከጋራዡ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለአውቶቡስ መንገደኛ ብርቱካንና ፓፓያ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ሻምበል ገዛኸኝ አፋቸውን የፈቱት አላፊ አግዳሚውን ሰላም በማለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቀን ጎረቤታቸውን ወ/ሮ ማሚቴን ሰላም ሳይሉ አልፈው ሄደው፣ እናታቸው ከትምህርት ቤት ደጃፍ እጃቸውን ይዘው መልሰዋቸዋል። ይህችን ታሪክ ወ/ሮ ማሚቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይሰለቹ ሲያወሯት ኖረዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመርሳ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ተምረው በ1970 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በወልድያ ቤት ተከራይተው ሲማሩ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ መርሳ ይመጡ ነበር። ከመኪናው ወርደው ቤታቸው እስኪደርሱ ግን ሰላምታው አያልቅምና እናታቸው ምሳውን ለእራት ነበር የሚያቀርቡላቸው።

በ1971 ዓ.ም. ዕጩ መኮንን ሆነው ሆለታ ገቡ። ከዚያ የጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ስምንት ገጽ ነበር። ስለ ሥልጠናው የተጻፈው ሁለት መስመር ሲሆን የቀረው ሁሉ ሰላምታ ነው። ልብስ ሰፊውን ጋሽ እንድሪስን፣ ወ/ሮ ማሚቴን፣ የወ/ሮ ማሚቴን አህያ ሳይቀር በየስማቸው ጠርተዋል። ደብዳቤው በአውቶቡስ ተልኮ የሚደርሰው ከባለ ሱቁ ከአቶ ምሩጽ ዘንድ ነበር። ወ/ሮ በላይነሽ ማንበብ ስለማይችሉ የአቶ ምሩጽ ልጅ ሙሉወርቅ በሱቁ በረንዳ ላይ ታነብላቸዋለች፤ ጎረቤቱም የስሙን መጠራት ለመስማት ይሰበሰባል። ስሙ የተጠራ ሁሉ እዚያው ይመርቃል። ጋሽ እንድሪስ “አላህ ያኑረው” ሲሉ፣ ወ/ሮ ማሚቴ ደግሞ ስማቸው ካልተደገመላቸው አይነሡም ነበር።

በ1973 ዓ.ም. በምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ተመርቀው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላኩ። እጃቸው ጽሑፍ ስለሚወድ የክፍላቸውን የዕለት ሪፖርት እንዲጽፉ ተመደቡ። የመጀመሪያውን ሪፖርት “ለጤናዎ እንደምን አሉ” ብለው ጀምረው፣ የመምሪያውን ሰው በሙሉ እስከ ወጥ ቤቱ ድረስ ሰላም ብለው፣ የጠላትን ሁኔታ በሦስተኛው ገጽ ላይ አነሡት። አዛዡ ሻለቃ ሪፖርቱን በሰው ፊት አንብበው፣ “መቶ አለቃ፣ አንተ ሰላምታህን እስክትጨርስ ጠላት ደርሶ ምሳ ይበላል” አሏቸው። መምሪያው በሳቅ አለቀ። ሻምበል ግን አፈሩ። ከዚያ ወዲያ አጭር መጻፍን ሌት ተቀን ተለማመዱ፤ ሳይታወቃቸውም ለመዱት።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በጥር 1975 ዓ.ም. ከከባድ ውጊያ በኋላ ወደ መርሳ የላኩት ደብዳቤ እንዲህ የሚል ብቻ ነበር፦ “ሁኔታው ደህና ነው። በእኔ ላይ ጉዳት የለም። አዲስ ነገር ሲኖር አስታውቃለሁ።” ሙሉወርቅ አንብባ ስትጨርስ ጎረቤቶቹ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ወ/ሮ በላይነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ “ልጄ ቢኖር የማሚቴን ስም ሳይጠራ ወረቀት አያጥፍም። ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ልጄ ሞቷል” አሉ።

ያን ጊዜ የሞተ ልጅን መርዶ ለማዘግየት ጓደኛው በስሙ ይጽፋል ይባል ነበርና የሚከራከራቸው ጠፋ። ወ/ሮ በላይነሽ ነጠላቸውን ከል ነከሩ። ወ/ሮ ማሚቴ “ስሜን ሳይጠራ?” እያሉ ከሁሉም ቀድመው አነቡ። እንቢ ያለችው ሙሉወርቅ ብቻ ናት። የእጅ ጽሕፈቱን አራት ዓመት ሙሉ አንብባዋለችና የራሱ እጅ ነው ብላ ሞገተች። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች የሚል ቢበዛም፣ አቶ ፈንታው የልጅቷን ቃል ጨበጡ። ለቅሶው በአንድ ወር እንዲዘገይም ሽማግሌ አስቀምጠው ባለቤታቸውን አስማሉ። ቀኑ እየተቆጠረ ከሉም ገመድ ላይ እየደረቀ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ወደ ሰሜን የሚሄድ የወታደር መኪና ፍሬኑ እንቢ ብሎት መርሳ ቆመ። አቶ ፈንታው ጠግነው ሲጨርሱ፣ “ገንዘብ አልቀበልህም፤ ይህችን ወረቀት ለልጄ በእጁ ስጥልኝ” ብለው ሾፌሩን ማርያምን አስባሉት። ወረቀቷ የሙሉወርቅ ናት። “ካለህ የሁሉንም ስም ጥራ፤ እትዬ ማሚቴን ግን አስቀድም። ጸሐፊዋ ሙሉወርቅ ምሩጽ” ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው መልሱ መጣ። አሥራ አንድ ገጽ! ወ/ሮ ማሚቴ በመጀመሪያው መስመር፣ ከእናትም ቀድመው ተጠርተዋል፤ እልልታቸው ጋራዡ ድረስ ተሰማ። ወ/ሮ በላይነሽ ደስታቸው ልክ ባይኖረውም “እኔን ሁለተኛ አደረገኝ” ብለው ለዓመታት መውቀሳቸው አልቀረም። ያ ከል የተነከረ ነጠላም የብርቱካን መሸፈኛ ሆኖ እስኪበጣጠስ አገለገለ። ንባቡ ሲያልቅ ሙሉወርቅ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ያለችውን አንድ መስመር ሳታነብ ወረቀቱን አጠፈች። ሻምበል በአራት ዓመት ደብዳቤ ስሙን ያልጠሩት አንድ ሰው ቢኖር ለካ አንባቢዋ ነበረች፤ የምታነበው ማን እንደሆነች አያውቁም ነበርና። መስመሯ ምን እንደምትል ለማንም አልተነገረም። ውጤቱ ግን ታይቷል፤ በጥር 1976 ዓ.ም. በፈቃድ መጥተው ወ/ሮ ሙሉወርቅ ምሩጽን በመርሳ በተክሊል አገቡ። ተመስገንን፣ ሳራንና ዳናይትን አፍርተዋል።

በሻምበልነት ማዕረግ እስከ 1983 ዓ.ም. አገልግለው፣ ሠራዊቱ ሲበተን ብዙውን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው መርሳ ገቡ። ያን ቀንም ከከተማው መግቢያ እስከ ቤታቸው ሦስት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። አባታቸውን በጋራዡ ሲያግዙ ቆይተው፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2012 ዓ.ም. በሲሪንቃ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ሠርተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን መጥቶ ስልክ ሲቋረጥ፣ የመርሳና የግራና ሰው ከሩቅ ላለ ዘመዱ ደብዳቤ ሊያጽፍ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። “ደህና ነን ብቻ ይበሉልኝ” የሚላቸውን ሰው ግን አይሰሙትም፤ ስም ካላስጠሩ ብዕር አያነሡም ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በወልድያ ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና የእኔ የጸሐፊው እናት የሆኑት ታናሽ እኅታቸው አሉ።

ይህን የምጽፈው የእኅታቸው ልጅ ስዩም የቀሪ ቤተሰብን ዝርዝር ልሠራ ስነሣ፣ እርሳቸው አልጋ ላይ ሆነው ጽፈው ጨርሰውት አገኘሁ። “ውድ መርሳዎች፣ ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ከሕመሙ በቀር ደህና ነኝ” ብለው ይጀምሩና ዘጠኝ ገጽ ስም ይጠራሉ። ወ/ሮ ማሚቴ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናቸውም ከሁሉም ቀድመው ተጠርተዋል። በመጨረሻም፣ “ስሙን የረሳሁት ሰው ካለ፣ እናቴ ያሉት ደርሷልና ያን ጊዜ አልቅሱልኝ” ይላል። በገጹ ጥግ የወ/ሮ ሙሉወርቅ ስም አለ፤ ከሥሩ ያለችውን አንድ መስመር ዛሬም አላነበቡልንም።

ዝርዝሩን ከወ/ሮ ሙሉወርቅ ጋር ሁለት ጊዜ አየነው። አንድም ስም አልጎደለም። በወ/ሮ በላይነሽ ሕግ ከሆነ ዛሬ ማልቀስ አልነበረብንም፤ እኛ ግን አልቻልንም።

እርሳቸው የማናችንንም ስም እንዳልረሱ፣ እግዚአብሔር አምላክ ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ጽፎ በቅዱሳኑ መካከል ይጥራቸው፤ አሜን።