ሦስት ጊዜ የላክሁት ድምፅ

ጥር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.
ፈረንሳይ ሰፈር፣ አዲስ አበባ

ለልጆቼ እናት፣

በገና ማግስት ከሄድሽ ሃያ ስድስት ቀን ሆነ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን የአዳማ ሙቀት ተስማማው? ልጃችን ትንሳኤስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጨው የት እንደምታስቀምጪ እስካሁን አላገኘሁም። አልጠይቅሽምም።

ስልክሽን የፈታሁት በተንኮል አይደለም። ትንሳኤ በኢንተርኔት ስትደውልልሽ ድምፅዋ አጠገባችን እንደተቀመጠች ሆኖ ይመጣል፤ ሠላሳ ዓመት ሬድዮ የጠገነ ሰው ይህን ዝም ብሎ ማየት አይችልም። መፍታቱ አላስቸገረኝም። ስገጥመው ግን ሦስት ብሎን ተረፈኝ፣ ስልኩም ዝም አለ። አንቺ ጥፋትህን እመን አልሽ፤ እኔ ዕቃው ደካማ ነው አልሁ፤ ሻንጣሽን አነሳሽ።

ያለፈው እሑድ ትንሳኤ በኢንተርኔት ልታገናኘን ቀጠሮ ስትይዝ፣ ባለሱቁ ገመዳ የራሱን ስልክ አዋሰኝ። ሰፈራችን ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ኪዳነ ምሕረት ዳገቱን ወጣሁና ባህር ዛፉ ሳሳ ካለበት ቆምሁ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልሁ። አንቺ ምን አልክ አልሽ። ደገምሁት። ይቆራረጣል፣ ጮክ በል አልሽ። በሦስተኛው ጫካው እስኪያስተጋባ ጮህሁ።

ለካ መምሬ ወልደ ኢየሱስ ከቅዳሴ ሲወርዱ ስልክ ባልያዝሁበት ጎኔ ደርሰዋል። ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ ስጮህ አይተው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉና፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ። እመቤታችን ሰምታሃለች፤ እንዲህ አትጩህባት» አሉኝ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶችም ቆመው አሜን አሉ። ለሚስቴ ነው ለማለት አፍሬ መስቀሉን ስሳለም መስመሩ ተቋረጠ።

አልወቀስሁሽም። ስለ ኢንተርኔት ስልክ እያነበብሁ ነገሩን ደርሼበታለሁ። ስልኩ ድምፄን ከታትፎ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ሰጥቶ ይልከዋል። ቁራጮቹ በየፊናቸው ይሄዳሉ፤ ያንቺ ስልክ በቁጥራቸው ደርድሮ ያሰማሻል። የዘገየውን ግን አይጠብቅም፤ ጥሎት ያልፋል። ይቅርታዬም በመንገድ ዘግይቶ ተጥሏል ብዬ ደመደምሁ።

ሰኞ ዕለት ትንሳኤ ለገመዳ ደወለች። ድምፄ ገና በመጀመሪያው ጥርት ብሎ ደርሶሽ እንደነበር፣ አንቺም ስልኩን አራቅ አድርገሽ በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን ይዘሽ ትስቂ እንደነበር ነገረችው። ገመዳም ለሱቁ ደንበኛ ሁሉ አዳረሰው። አሁን ሳሙና ልገዛ ስገባ «አባባ፣ ይሰማል?» ይሉኛል።

እኔ አላመንሁም። ሦስቱም ሳይጎድሉ ደረሱ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ በመጪው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ወጥቼ አራተኛ እልክልሻለሁ። በዚህ ደብዳቤ የጻፍሁት የሆነውን ለመግለጽ ብቻ ስለሆነ ከቁጥር እንዳታስገቢው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ሂርጳ ነው። ለኪዳነ ምሕረት በዓል ዋዜማ ወደዚህ ሲመለስ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው አለኝ። እንድታውቂው ያህል ነው።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ልጃችንን ትጠብቅልን።

የጨውን ነገር በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ ይቆራረጣል። መጥተሽ አሳዪኝ።

የልጆችሽ አባት