የማኅበሩን ቦክሲ መብራት በዓይኔ አጥፍቻለሁ ስለ መባሌ

ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር፣ ሱዳን፣ ኅዳር 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እንግዳው፣
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ ከሁሉም በላይ ለማኅበራችን መኪና ለቦክሲዋ ጤናና ብርሃን እመኛለሁ። እኔ ጎንደር ላይ ሳይንስ ሳስተምር አርጅቼ በጡረታ የተገለልሁት መምህር ታምሬ ነኝ። ወደ ቦክሲዋ ድርሽ እንዳልል መወሰኑን የሰማሁት ውሃ ስንቀዳ ሰልፍ ላይ ስለሆነ፣ መልሴንም ሰልፈኛው ሁሉ እንዲያነበው ከውሃ ማደያው አጠገብ ለጥፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፦ ሕሙማንን ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል የምታመላልሰው ይህች ፒካፕ፣ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ምሽት ላይ ስትመለስ የፊት መብራቶቿ እየጠፉ መንገድ ላይ ታድር ጀመር። ሹፌሯም ጠጋኟም የሆኑት አቶ ጋረደው አምፖል ለወጡ፤ በራ፤ ኮሚቴው አጨበጨበ። እንደገና ጠፋ፤ ፊውዝ ለወጡ፤ በራ፤ ኮሚቴው አጨበጨበ። ሲሰልስ በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ ሰኩበት፤ ኮሚቴው ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። በማስተማር ባሳለፍሁት ዘመን ያን ያህል ጭብጨባ አልደረሰኝምና የሙያቸውን ክብር እንዴት ልካድ?

እኔ ግን የተጣሉትን አምፖሎች አንሥቼ አየሁ፤ ክራቸው አልተበጠሰም። ፊውዙም አልተቃጠለም። የጭቃ መከላከያውን በመዳፌ መታ ሳደርግ መብራቱ ብልጭ አለ። እንግዲህ አንድ የላላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱም ከመብራቱ ጀርባ፣ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው ሽቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር በብሎን የሚታሰርበት ቦታ ነው ብዬ በጣቴ ሳመለክት መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። አቶ ጋረደውም «መምህር፣ እባክዎ ዓይንዎን ያንሡልን» አሉ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ባለቤቴ ወይዘሮ የሺመቤት ነበረች።

2ኛ፦ እኔ በአቶ ጋረደው ሙያ ቀንቼ መብራቱን በዓይኔ መታሁት ተብሎ ከቦክሲዋ እንድርቅ ተወሰነ። ጎንደር ሳለሁ ፀረ አብዮት ተብዬ ስወነጀል የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርተው ጊዜዬን አባክነውብኝ ነበር፤ ክቡርነትዎ ከዚያ ድካም ስላዳኑኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ እንቅርቷ እያደገ ትንፋሽ የሚያሳጥራት ባለቤቴ ለምርመራ የምትመላለሰው ያለ እኔ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ነው። ስትመለስም አቶ ጋረደው በመንገድ ያሉትን ሁሉ ትነግረኛለች። እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ሳስረዳት እንቅልፍ የሚያዳፋት ሴት፣ የእሳቸውን ወግ ግን ራቷን ሳትበላ አንድም ሳታስቀር ትደግምልኛለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም።

3ኛ፦ ቦክሲዋ ስትገዛ ከዓይን እንድትጠበቅ ሱዳኖች ሂጃብ የሚሉት በቆዳ የተሰፋ ክታብ ታስሮላት ነበር። ሂጃቡን አልነቅፍም፤ የእኛም ሰው ክታብ ያንጠለጥላል። የምነቅፈው የታሰረበትን ቦታ ነው። ባለቤቴን ጎንበስ ብላ እንድታይልኝ ብለምናት፣ በዚያው ብሎን ሥር፣ በሽቦውና በብረቱ መካከል ተቀርቅሮ አገኘችው። ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ሽቦው ከብረቱ ይለያል፤ መብራቱ ይጠፋል። መብራቱ በጠፋ ቁጥር የእኔን ዓይን ለመመከት ሌላ ሂጃብ ከሥሩ ይጨመራል፤ በተጨመረ ቁጥር ይብስ ይጠፋል። ይብስ ሲጠፋም ዓይኔ ከሩቅ እንደሚሠራ በኮሚቴው ዘንድ ተረጋገጠ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ሲያመጡልኝ ዜሮ እሰጣቸው ነበር፤ እርስዎን ግን ማረም የእኔ ወግ አይደለም።

4ኛ፦ ባለፈው ሰሞን አቶ ጋረደው ገዳሪፍ ገበያ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ፣ ባለቤቴ እንደ ነገርኋት ብሎኑን ፈታች፤ ሂጃቦቹን በክብር አውጥታ መስተዋቱ ላይ አንጠለጠለች፤ ዝገቱን በቢላዋ ፍቃ ሽቦውን ከብረቱ ጋር አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም። ኮሚቴውም እኔ በመራቄ የመጣ በረከት ነው ብሎ እገዳዬን አራዘመ፤ ለአቶ ጋረደውም የአገሬውን ረጅም ቀሚስ፣ ነጭ ጀላቢያ ሸለመ። ባለቤቴ እውነቱን እንዳልናገር ለምናኝ ነበር፤ ሰውዬው ያፍራል ብላ አዘነችለት። የጀላቢያውን የላላ ቁልፍም አጥብቃ የሰፋችለት እሷው ናት። እስከ ቁልፉ ድረስ ዝም ብዬ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በሚመጣው ሐሙስ ባለቤቴ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ልታስወጣ ቀጠሮ ተይዞላታል። ሐኪሙ ቢላዋው የሚያርፈው ከድምፅዋ አጠገብ ነው ብሏል። የምለምነው ሁለት ነገር ነው፦ ወፍራሙ ሽቦ መኪናዋን ሳያቃጥል ወጥቶ እውነተኛ ፊውዝ ይግባ፤ እኔም አብሬያት ልሂድ። ከኋላ ከጆንያው ጋር ብትጭኑኝም አልከፋም። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው ፊት የእኔ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ድምፅዋ ከተረፈላትም መጀመሪያ የምትጠራው ስም የእኔ ይሁን። በቅናት መከሰሴን በዚህ ብቻ አምኛለሁና ፍርዱን በዚሁ ልክ ያድርጉልኝ።

የብርሃንዎ ጠላት ያልሆነ፣ ከሩቅ እጅ የሚነሣዎ ታዛዥዎ፣
መምህር ታምሬ

ግልባጭ፦ ለአቶ ጋረደው፣ ለመንገድ ወግ እንዲሆናቸው።

ማሳሰቢያ፦ ዓይኔ ኮሚቴው እንደሚለው ከሩቅ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ በማኅበሩ አምፖል አልጀምርም ነበር። የአቶ ጋረደው የወርቅ ጥርስ፣ ባለቤቴ ከጎናቸው መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ፣ ከነብልጭልጩ እስከ ዛሬ ድዳቸው ላይ አለ።