እጅ ያልነካው ዳቦ

ሐሙስ

ሦስተኛው ዳቦም ከሸፈ። ኩፍ ብሎ ሊጋገር ሲል መብራት ሄደ። ሲመለስ የዳቦ ማሽኗ የሠራችውን ሁሉ ረስታ እንደ አዲስ ማቡካት ጀመረች። ነቅዬ ሊጡን በድስት ጋገርኩት፣ ጡብ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ግን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ጨረሱት፤ ምን ምርጫ አላቸው።

ቤቱ መናኸሪያ ሆኗል። እኔ፣ ባሌ አስፋው፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ አማቴ እማማ ዘነቡ። ውጊያው እንደገና ጀመረ ከተባለ ወዲህ የአስፋው አክስት ከነልጆቻቸው ከወልድያ መጥተዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ለተብርሃን ልጇን ይዛ ከቆቦ ገባች። ይኼ ሁሉ አፍ ጠዋትም ዳቦ ይላል፣ ማታም ዳቦ ይላል። የከተማችን የመርሳ ዳቦ ቤቶች ዱቄት አልቆብናል ብለው በማለዳ ይዘጋሉ። ያለችን እህቴ ከኩዌት የላከቻት የዳቦ ማሽን ብቻ ናት። አምና ግራና የሚባለው ገጠር ወስደን ገለባ ውስጥ ቀብረናት ነው ከዝርፊያ የተረፈችው።

ለተብርሃን የወንድሜ የሰለሞን ሚስት ናት። በአይሱዙ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል ተቀምጣ ነው የመጣችው። ሰለሞን ሱቁን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ፤ ግትርነቱን ከእኔ ወስዶት ነው። የቆቦ ስልክ ዛሬ ሙሉ ቀን አልጠራም። እሷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

አስፋው ጠዋት ጓሮ ጠርቶ፣ ለተብርሃን በር ላይ ቆማ ብዙ ባታወራ ጥሩ ነው አለኝ። ቆቦ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ አይለይም። ልጇን ስትጠራ ግን ትግርኛው ያመልጣታል። ምን አጠፋች አልኩት። እሷ ምንም አላጠፋችም፣ እኔ የምልሽ ስለ ሰዉ ነው አለ። ተናድጄ ገባሁ። የተናደድኩት ግን ልክ ስለሆነ ነው።

ዱቄት፦ ግማሽ ኩንታል አይሞላም። እርሾ፦ አለ። ዘይት፦ ባይነሳ ይሻላል። ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዛሬም አልከፈትኩም። በዚህ ሰሞን ማን ምን ኮፒ ያስደርጋል?

ዓርብ

የሰፈሩ ሴቶች እትዬ አልጋነሽ ግቢ ተጠራን። ለግንባር ስንቅ ይዘጋጅ ተባለ። አንዷ በሶ፣ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ ተካፈሉ። ምላሴ ይቆረጥና፣ «ዳቦውን ለእኔ ተዉት፣ ማሽን አለኝ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። የነቃሁት ቤት ስደርስ ነው። የገዛ ቤቴን አፍ መሙላት አቅቶኝ ለጦሩ ቃል ገብቼ መጣሁ።

እትዬ አልጋነሽ የሰፈሩ ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው። ልጃቸው ግንባር ነው፣ ከደወለላቸው ሰንብቷል። አያለቅሱም፤ ያዝዛሉ።

ለተብርሃን ባትኖር ጉዴ ፈልቶ ነበር። ማሽኗን ካየቻት ገና ሁለት ቀኗ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ገብታታለች። እኔ ቁልፉን ተጭኜ እሄዳለሁ። እሷ ክዳኑን ከፍታ ሊጡን በጣቷ ጫን ጫን ታደርግና፣ ይኼ ዱቄት ውኃ አይወድም ብላ ትጨምርበታለች። መብራትም ዛሬ አልሄደም። ዳቦው አንድ ጊዜም አልከሸፈም። ለስንቅ የሚሆነውን በስሱ ቆርጠን ከከሰል አጠገብ በወንፊት ላይ አደረቅነው። ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጋበት ነበር፣ ግቢው ሁሉ ሸተተ።

እማማ ዘነቡ ማሽኗን እስከ ዛሬ አልወደዷትም። ስትጨርስ ጢጥ ጢጥ ስትል፣ «ደግሞ ጮኸች፤ ሠራሁ ለማለት» ይላሉ። ለተብርሃን ሳቀች። ከመጣች ገና አሁን መሳቋ ነው።

ቅዳሜ

ጦሩ ቆቦን ለቆ ወጣ አሉ። ሰለሞን የት እንዳለ አናውቅም።

ከወልድያ የሚመጣው ሰው አስፋልቱን ሞልቶታል። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ሁሉም ይቆምና ያዳምጣል፤ የነሐሴ ነጎድጓድ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቅቶናል።

አስፋው ደሴ እንሂድ አለ። መኪና የሚያገኝልን ሰው አለ። ኬላው ላይ ግን ሁሉንም እያወረዱ መታወቂያ ያያሉ። የለተብርሃን መታወቂያ ላይ ምን እንደተጻፈ እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አለች፤ ገበያ ደርሰን የምንመለስ አስመስላ። ብቻዋን ትቻት አልሄድም አልኩ። አስፋው ልጆቹስ አለኝ። ልጆቹ ከእኔ ጋር ናቸው አልኩት። ተጨቃጨቅን። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩት፣ አክስቱ እየሰሙ። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፣ እሱም ፈርቶ ነው።

ዋናው ነገር ይኼ አይደለም። ዋናው ከሰዓት የሆነው ነው።

እትዬ አልጋነሽ ስንቁን ሊረከቡ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ዳቦውን የሚጋግረው ማነው?» አሉኝ።

እኔ ነኝ አልኳቸው። ከቆቦ የመጣች እንግዳ እንዳለችኝ መስማታቸውን ነገሩኝ። የወንድሜ ሚስት ናት አልኩ።

«ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ሰዉ እያወራ ነው፣ የኔነሽ። የሷ እጅ ያለበትን ለልጆቻችን አንልክም እያሉ ነው። ምን እንደሚጨመርበት በምን እናውቃለን እያሉ ነው።»

ከኋላቸው የቆሙት ሴቶች ዓይናቸው ወደ ጓዳው ነው። ከዚህ ወጥተው ለማን እንደሚነግሩ፣ ማን መጥቶ ለተብርሃንን እንደሚወስዳት ነው የታየኝ።

«የማንም እጅ አልነካውም» አልኩ። «ዱቄትና ውኃ እጨምራለሁ። ማሽኗ ታቦካለች፣ ማሽኗ ትጋግራለች። የሷ እጅ የለበትም።»

ማሽኗን ከጓዳ አውጥቼ አሳየኋቸው። ክዳኑን ከፍቼ፣ የምታቦካውን ብረት ነቅዬ አሳየኋቸው። አልፎ ተርፎ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ሁሉ አስረዳሁ። እትዬ አልጋነሽ ራሳቸውን ነቅንቀው ጆንያውን አስነስተው ሄዱ።

እፎይ ብዬ ዘወር ስል ለተብርሃን የጓዳው በር ላይ ቆማለች። እጇ ዱቄት በዱቄት ነው። ውጭ ወጥታ ታጠበች።

እሑድ

ለተብርሃን ጓዳ አልገባችም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እዚያው ትተናት የሄድንበት ወንበር ላይ ናት። ልጇ ዳቦ ስትላት፣ የእኔን ትልቋን ጠርታ «ቁረጪላት» አለቻት። ቢላው አጠገቧ ነበር። ሻይ ስትጠጣ ስኒዋን ራሷ አላነሳችም፣ እስኪሰጧት ጠበቀች። ተቆጥታ አይደለም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቁጣ አውቃለሁ።

ምን ነበረበት «እሷም እንደ እኔ ናት» ብል? ምን ነበረበት «የሷን እጅ የፈራ አይብላ» ብል? አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «የሷ እጅ የለበትም» ነው። ደግሞ ሠርቶልኛል፣ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

የአስፋው አክስት ከነልጆቻቸው በተገኘችው መኪና ደሴ ሄዱ። አስፋው እንሂድ እንደሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ዕቃ ማሰሩን ተወና ለአክስቱ ሻንጣ ተሸከመላቸው።

ከዚያ መብራት ሄደ። እንደ ሰሞኑ መስሎኝ ጠበቅሁ። የእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን መላው መርሳ ጠፍቷል፤ መስመሩ ተበጥሷል፣ በቅርብ አይመጣም አሉ። ነገ ከሰዓት ደግሞ ቃል ከገባሁት የቀረውን ዳቦ ማስረከብ አለብኝ። አላስረክብም ብል ለምን ይሉኛል። ባስረክብ፣ ማሽኗ እንደማትሠራ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ እጅ ነክቶታል። የማን እጅ?

እማማ ዘነቡ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ኖሯል። ጓሮ አስቀምጠው ቀስ ብለው ወረዱብኝ።

«በሰለሞን ሠርግ ማግሥት ከእጇ ጎርሻለሁ። አንቺም ጎርሰሻል። ያን ጊዜ ማሽን ነበረ?»

ገብቼ ለተብርሃን ፊት ቆምኩ። እኔ ስለምንም ነገር ተንደርድሬ የምናገር ሰው፣ አፌ ተያያዘ። ነገ የማስረክበው ዳቦ የለኝም፣ ብቻዬን አቡክቼ አልደርስም፣ አግዢኝ ልልሽ ደግሞ አፈርኩ አልኳት። ያንን ያልኩት ፈርቼ ነው አልኳት።

«እኔም እፈራለሁ» አለች። «ልጄን በስሟ ስጠራት እፈራለሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ነገ ሲጠይቁሽ የማን እጅ ነው ልትዪ ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ዱቄቱን አምጪው» አለችና ተነሳች።

ሰኞ

እጄ ተቆርጦ የሚወድቅ ነው የመሰለኝ። ለካ ማሽኗ አስንፋኛለች። ለተብርሃን ግን ሊጡን እያነሳች ስትጥለው ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። አንዴ ቆም ብላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ እኔም ዱቄት የምነፋ መስዬ ዞርኩ። በብረት ድስት፣ ከታችም ከክዳኑ በላይም ፍም አድርገን ጋገርን። ማሽኗ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች፤ እማማ ዘነቡ «ዛሬስ አረፈች» አሉ።

ከሰዓት እትዬ አልጋነሽ መጡ፣ እነዚያው ሴቶች ከኋላቸው።

«መብራት የለም። በምን ጋገራችሁት?»

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያቦካሁት ብል ግማሹ እውነት ነው፤ ክንዴ እየመሰከረልኝ ነው። ለተብርሃን ግን ዛሬ ጓዳ አልተደበቀችም። እጅጌዋን እንደሰበሰበች ደጅ ላይ ቆማለች።

«በእጅ ነው» አልኩ። «ያቦካችው ለተብርሃን ናት። እኔም ልጆቼም ከዚሁ በልተናል።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች ተያዩ። እትዬ አልጋነሽ ለተብርሃንን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ አንዱን ዳቦ ለብቻ አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት። የቀረውን ጆንያ ውስጥ አስከትተው፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ ሄዱ።

አንዱን ለምን ለብቻ? ለማን ሊያሳዩት? አስፋው ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልተቆጣኝም። በሩ አጠገብ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። እንደዚያ ተቀምጦ ማንን ሊመልስ ነው? ስሟን በገዛ አፌ ጠርቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ቢወስዷት ያስወሰድኳት እኔ ነኝ። ባልናገርም ደግሞ… አላውቅም። እየጻፍኩ ጆሮዬ ውጭ ነው።

ማክሰኞ

በር የተንኳኳው ጎህ ሲቀድ ነው። አስፋው ቀድሞኝ ተነስቷል። ለተብርሃን ልብሷን ሳታወልቅ ነው ያደረችው፤ እኔ ሳሎን ስደርስ ለልጇ ጫማ እያደረገችላት ነበር። አላለቀሰችም። የጫማውን ማሰሪያ አጥብቃ አሰረችላት።

እትዬ አልጋነሽ ናቸው። ብቻቸውን። ዛሬ ተቀመጡ ሳልላቸው ተቀመጡ።

«እኔ ሰውን ደብቄ አላማም» አሉ፤ የሚያናግሩት ለተብርሃንን ነው። «ያቺን ለብቻ ያደረግኳትን ዳቦ ማታ በላኋት። አንድ ነገር ካለባት ልጄ ጋ ሳትደርስ በእኔ ትቅር ብዬ። ሆዴን እያዳመጥኩ አደርኩ። ይኸው ምንም አልሆንኩም። ጆንያውን አሁን ለመኪናው ሰጥቼ መምጣቴ ነው።»

እኔ ልሳደብም፣ እግራቸው ላይ ልወድቅም እኩል ዳዳኝ። እንዲህ ተጠርጥሮ ደግሞ እንዲህ ታምኖ የሚያውቅ ዳቦ ይኖር ይሆን? ለተብርሃን ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«ጨው አላነሰውም፣ እትዬ?» አለቻቸው።

እትዬ አልጋነሽ የምር አሰቡበት። «ትንሽ አንሶታል» አሉ። «እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እሱንም ሳስበው ነበር።»

ቀድመው የሳቁት እማማ ዘነቡ ናቸው። ከዚያ ለተብርሃን። ከዚያ ሁላችንም፣ አስፋውም፣ ራሳቸው እትዬ አልጋነሽም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። የለተብርሃን ሳቅ ወደ ለቅሶ ዞረና ልጇ ግራ ገብቷት ታየን ጀመር።

ሲወጡ በሩ ላይ ያዝ አደረጉኝ። ስለዚች ልጅ የሚጠይቅሽ ካለ እኔ ጋ ላኪው፣ አልጋነሽ በልታ አድራለች በይው አሉኝ። ልጃቸው ደወለ ወይ አልኳቸው። አልደወለም። የእኛም ሰለሞን አልደወለም አልኳቸው።

አስፋው ወልድያ አሁንም አልተነካችም የሚል ወሬ ይዞ መጥቷል። እውነት ይሁን፣ ነገም እውነት ሆኖ ይቆይ፣ አላውቅም። ለተብርሃን ጓዳ ናት። የጨው ዕቃውን የት ነው ያስቀመጥሽው እያለች እየጠራችኝ ነው። ልሂድላት።