እኔ ስገባ የሚወፍረው ክር

ውድ ባለቤቴ አልማዝ፣

በሞት ከተለየሽኝ ወዲህ የጫኖ ማንጎ ለሁለተኛ ጊዜ ደርሶ ገበያውን ሞልቶታል። አንዱን ልጬ ግማሹን ላንቺ ማስቀመጥ እስካሁን አልተውኩም። የግቢያችንን በር ቀለም አስቀብቻለሁ፤ ማጠፊያውን ዘይት ማስነካት ግን አልፈቀድኩም።

ዛሬ የምጽፍልሽ በታላቅ እህትሽ በዘነበች ስለምቀና ነው። ቃሉን አመዛዝኜ መርጬዋለሁ፤ ቅሬታ አይደለም፣ ቅናት ነው።

የመርሳት በሽታው ከስሞች ሁሉ አስቀድሞ የወሰደብሽ የእኔን ነበር። «ይቀመጡ እንጂ» ትይኝ ጀመር፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ዘነበች ከትውልድ መንደራችሁ ከኦቾሎ ስትወርድ ግን እኔ በማልችለው ጋሞኛ እያንጎራጎራችሁ ጎን ለጎን ጥጥ ትፈትሉ ነበር።

ሥነ ልቦና አስተምራለሁና ምክንያቱን አላጣሁትም። አዲስ ትዝታን የሚያኖረው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይጎዳል፤ በልጅነት በድግግሞሽ የተለመደ የእጅ ሥራ ግን በሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። ለእኔ ግን አልጠቀመኝም። እጅሽ እንዝርቱን አልረሳም፤ እኔን ረሳሽ።

ባለፈው እሑድ ዘነበች መጥታ የመጨረሻውን ክርሽን ለሸማኔ ሰጥታ ነጠላ ልታሠራበት ጠየቀችኝ። ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ታየኝና እምቢ አልኩ።

«አንተ መምህር፣ በክር ደግሞ ይቀናል?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ክሩን በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይሄድና ድንገት ይወፍራል። እንዳለችው፣ የሚወፍረው በሩ ጮኾ እኔ ከሥራ ስገባ ነበር፤ ዓይንሽ ወደ እኔ ሲሄድ እጅሽ ይዘናጋል።

በር ሲከፈት ማንም ሊዘናጋ ይችላልና ጎረቤት ሲገባስ ብዬ ጠየቅኋት። አይወፍርም አለች። «አንቺ ስትገቢስ?» አልኳት።

«እኔ ስገባማ መቼ ተለውጦ! በዚህ ስቀናብህ ነው የኖርኩት።»

ይህ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ ማስረጃ ብዬ ለተማሪዎቼ አላቀርበውም። ክሩን ግን አልሰጠኋትም። ሸማኔ ወፍራሙን እየቆረጠ ያስወግደዋል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ ያ ብቻ ነው።

እንዝርትሽ ከነክሩ ራስጌያችን ተቀምጧል። ስሜ ቢጠፋብሽም የአንቺን ስም እስከ መጨረሻዬ እይዘዋለሁ። ማታ ማታም ስገባ በሩን እንዲጮኽ አድርጌ እከፍተዋለሁ።

ባለቤትሽ