የፉፋ ማርሚታ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1957። ከምሽቱ 1 ሰ.

ዳሚቱ ዛሬም ታመመች። ዴዴሳን ተሻግረን የግምቢን ዳገት ሳንጨርስ ራሴን አለች፤ አስመለሳት። ሦስተኛ ማክሰኞዋ ነው። ከኋላ ሸራ ሥር የተጫነው መንገደኛ ሁሉ ሐኪም ሆነ። የዴዴሳ ወባ ነው፣ ቆላውን ስታልፉ መስኮት ዝጉ አሉን። በእሷ በኩል ያለውን ዘጋሁ። የእኔ ክፍት ነው፣ ስነዳ በእጄ ምልክት የምሰጠው በዚያ ነው። ኪኒን ዋጠች፣ ጆሮዋን ደፈነው። ለግምቢ ገበያ የወሰደችውን ቅቤ ሳትሸጥ ይዛ ተመለሰች።

የመኪናው ማርሚታ ይጮኻል። የዳሚቱ ወንድም ፉፋ በሰኔ የገጠመልኝ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው በስብሶ ወደቀ፤ ፉፋ ከተገለበጠ የጭነት መኪና አንድ ማርሚታ ፈታ፣ በውሃ ቧንቧ ቀጠለው። ነቀምት ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ጋራዡ ደጃፍ ቆሞ ድምፁን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። ሶዳ፣ አሁን መኪና ሆነ ይለኛል። ሶዳ የሚለኝ የእህቱ ባል ስለሆንኩ ነው። ሲጠራኝ ግን ስድብ ይመስላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

ሐኪም ቤት። ድሬሰሩ ደሟን አየ። ወባ የለም። ቤት ዘግታችሁ ከሰል ታነዳላችሁ ወይ አለ። አናነድም። የሚያማት መቼ ነው? ማክሰኞ ማክሰኞ። ከመኪና ስትወርድስ? ማታውኑ ይሻላታል። ሰውዬው በመስኮት ወደ መኪናዬ አየ። እኔም ገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልገባኝም ነበር፤ ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ማስታወሻዬ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 9። ጧት 12 ሰ.

ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሣሁት። የማርሚታውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩ። ከሥር ገብቼ ተንጋለልኩ፣ ቧንቧውን በእጄ ተከተልኩት። ከሞተሩ የሚመጣው ቧንቧ ከፉፋ ቧንቧ የሚገናኝበት ላይ ትንፋሽ መታኝ። የሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ አረፋ ደፈቀ። ዙሪያው ጥላሸት። የፉፋ ቧንቧ ሰፊ ነው፣ አልገጠመም። የመኪናው ወለል ላይ ያለውን የጎማ ምንጣፍ ስገልጥ ደግሞ አውራ ጣት የሚያሳልፍ የዛገ ቀዳዳ። ልክ ከዳሚቱ ወንበር ሥር።

ጋራዥ ሄድኩ። ገበያተኛ ሞልቷል። እህትህን በጢስ እየገደልካት ነው አልኩት፣ ሰው እየሰማ። መካኒክ ሳትሆን ቆርቆሮ ጠጋኝ ነህ አልኩት። መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረ።

«ወባ ነው። አንተ የሸዋ ሰው ነህ፣ ቆላ የት ታውቃለህ» አለኝ።

የድሬሰሩን ቃል ነገርኩት። ድሬሰሩም ሸዋ ነው አለ።

እሑድ፣ ሐምሌ 11

ከጸሎት በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ቀኛዝማች ገመዳና ሌሎች ሁለት። ፉፋ ከሶኛል። ፍርዱ አጭር ነው፦ አማቼን በአደባባይ ያዋረድኩ እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። መኪናውንም ወደ ፉፋ እመልሳለሁ፣ እሱው ይጠግነዋል። ለሌላ መካኒክ ከሰጠሁ ዕርቁን እንደናቅሁ ይቆጠራል፤ የዳሚቱ ዘመዶች ደጅ ከእንግዲህ አልረግጥም። እሷንም ያገሏታል።

እንግዲህ ዕርቅ ማለት ይህ ነው። ያበላሸው ሰው እጅ መልሶ መስጠት።

ይሁን አልኩ። ግን ጠግኖ ሲጨርስ ፉፋ ራሱ በዳሚቱ ቦታ ተቀምጦ፣ መስኮት ዘግቶ ግምቢ ይድረስ። ቀኛዝ. ሳቁ፤ ደግ ነገር ነው አሉ። ፉፋ ሳያስብ እሺ አለ። ከልቡ ወባ ነው ብሎ ያምናል። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ውሸታም ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

ፉፋ ጠገነ። መጋጠሚያውን በቆርቆሮ ጠቅልሎ በሽቦ አጠበቀው። በላዩ አመድና እበት ለውሶ መረገበት፣ ጎተራ እንደሚለስን ሰው። ብረቱ ሲግል ይረግፋል አልኩት። የአባቱ ጎተራ ከተለሰነ ነቀዝ ገብቶበት አያውቅም አለኝ። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቶ ሳሙና ቀባ። አንድም አረፋ የለም። በድል አየኝ። ነገ መንገዱ ይናገር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13። ግምቢ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዳሚቱ ቤት ቀረች። ዝናብ። ፉፋ በቦታዋ። ከነቀምት ሳንወጣ የአንተም መስኮት ይዘጋ፣ እኩል እንሁን አለ። ዘጋሁ። ከመናደድ በቀር ምክንያት አልነበረኝም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ያፏጭ ነበር። ቆላው ሲጀምር ማፏጨቱ ቀረ። ግንባሬ ይመታኝ ጀመር። አየሁት፣ ላብ ብቻ። እሱም ያየኛል። አንዳችንም መስኮት አንነካም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች። መንገዱ ሁለት ሆኖ ሲታየኝ እንኳ እጄን ወደ መስኮቱ አላነሣሁም፤ ከኋላ ሰው ጭኜ።

ዴዴሳ ድልድይ ጋ ስንደርስ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ብቻ የሚያወራው ሰው፣ በራሱ ቋንቋ አለ፦

«ባኒ።»

ክፈተው ማለቱ ነው። ከፈትኩ፣ አቆምኩ። የድልድዩን ብረት ይዞ አስመለሰ። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መንገደኞቹ ከሸራው ሥር አንገታቸውን አውጥተው ወባ ነው አሉ። ፉፋ ጭቃው ውስጥ ተንጋሎ ከመኪናው ሥር ገባ። እበቱ ግማሹ ረግፏል፣ ግማሹ ተሰንጥቋል። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኔን አላየም።

መስኮት ሁሉ ከፍተን፣ ዝናብ እየመታን ደረስን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 17

ሦስት ቀን ሠራ። ሰፊውን ቧንቧ ቆርጦ ጣለ፣ በልኩ ሌላ በየደ። መሐሉ እሳት የማይበላው አስቤስቶስ አገባ። ቧንቧው ያለ ማንጠልጠያ በክብደቱ መጋጠሚያውን ሲጎትት ኖሯል፤ ከአሮጌ ጎማ ሁለት ጠፍር ቆርጦ ሰቀለው። የወለሉን ቀዳዳ በላሜራ ዘጋ። ሞተሩ እስኪግል ጠብቆ ነው የፈተነው። ቀጥሎ እኔ ፈተንኩ፣ ሁለት ጊዜ። አንዲት አረፋ እንድትወጣ ፈልጌ ነበር። አልወጣችም። አላመሰገንኩትም። እሱም አልጠበቀም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 19

ዳሚቱ ቅቤዋን አሰናድታለች፣ ነገ እሄዳለሁ ትላለች። አትሄጂም አልኳት። ወንድሜን አታምነውም አለች። አላምነውም። «እናንተ እስክትታረቁ ቅቤው ይሻግት?» አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ፉፋ ዘንድ ሄጄ፣ እሷ ከመሄዷ በፊት እኔ ልፈትነው አልኩት። አልተከራከረም። ስንት ሰዓት እንደምንነሣ ብቻ ጠየቀ።

ነገ እሱ ይነዳል። በዳሚቱ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ። መስኮቱ ዝግ።