ሥራ የገባው የእማዬ ጉልበት

ጥቅምት 7፣ ሰኞ
ዛሬም ላብራቶሪ ውስጥ ያው። ፕሌት በፕሌት ላይ። በእያንዳንዱ ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ በየጉድጓዱ ጥቂት ሴሎች፣ በላያቸው አንድ ጠብታ የተለያየ መድኃኒት። ሴሎቹ ልም አጥንት፣ ያንን የመገጣጠሚያ ትራስ፣ መሥራት ከጀመሩ አረንጓዴ ያበራሉ። አላበሩም። ዓይኔ ብቻ ፈዘዘ።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ "ጉልበቴ ዛሬ ሥራ ገባ?" አለችኝ። ቀኝ ጉልበቷ በብረት ሲቀየር፣ የወጣውን ልም አጥንት "ከምትጥሉት ልጄ ጋ ይሂድ" ብላ ፈርማ ሰጠች። አሁን ሴሎቹን የምመግባቸው እኔ ነኝ።

"ገብቷል። ግን ይለግማል።"

"እንግዲያው በአባትሽ ወጥቷል!"

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ
በራች! አንዲት ጉድጓድ... ደገምኩት፣ አሁንም በራች። አለቃ፣ "ተረጋጊ፣ ገና ማጣራት አለ" አለ። ማን ይረጋጋ? ስንት ወር ጨለማ ሳይ ከርሜ!

ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኳት። "አገኘን፣ እማዬ!" አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጥቅምት 17፣ ሐሙስ
ጠዋት ስወጣ እማዬ ስልክ እያወራች ነበር። ከማን ጋር? አልጠየቅኩም። እንቅልፍ ብቻ አምሮኛል።

ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ
ሴል በሌለበት ባዶ ጉድጓድ ውስጥ መድኃኒቷን ብቻ ጠብ አደረግን። በራች። ለካ የምታበራው ራሷ ናት! ሴሎቹ ምንም አልሠሩም። አለቃ "ያጋጥማል" አለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን ነርሷ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "እናትሽ የግራ ጉልበቷን የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰረዘች እኮ! 'ልጄ መድኃኒቱን አግኝታልኝ፣ ምን በወጣኝ እቆረጣለሁ?' አለችኝ።"

ስንት ጠብቃ ያገኘችው ቀጠሮ...

አልነገርኳትም።

ጥቅምት 23፣ ረቡዕ
ዛሬም አልነገርኳትም። ከአልጋዋ እስከ ወንበሯ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ምላሴን በቆረጠው!

ጥቅምት 24፣ ሐሙስ
ነገርኳት። ግራ ጉልበቷን አሸት አሸት እያደረገች ሰማችኝ።

"መቼ አወቅሽ?"

"ማክሰኞ።"

"ደስታውን ጫማሽን ሳታወልቂ ነገርሽኝ። ይሄንን ሁለት ሌሊት አሳደርሽው።"



ጥቅምት 28፣ ሰኞ
ሆስፒታል ደወልኩ። የተሰረዘው ቀጠሮ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ወረፋው እንደገና ከመጨረሻ... የዛሬ ዓመት። እማዬ "ይሁና" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ፣ በዓመቱ
ዓመት ሙሉ ግድግዳ ይዛ ኖረች፣ በእኔ ምላስ። ግራውም ባለፈው ወር ተቀየረ። የወጣውንም እንደገና ፈርማ ሰጠችን። እኔ ብሆን እሰጥ ነበር? እንጃ።

ዛሬ፣ ከእሷው ሴሎች መሃል፣ አንዲት ጉድጓድ በራች።

ደክሞኝ ገባሁ። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት፣ ግድግዳ ሳትይዝ! ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። አንዱን። ሌላውን።

"ግራው ሥራ ገባ?"

"ገባ።"

"ለገመ?"

"ገና አላጣራሁም፣ እማዬ።"

ጫማዬን አየች፣ እኔን አየች። "ጎሽ" አለች።